የወይዘሮ ሲምቦ «እኔ እንጃ»

መሥሪያ ቤት ያለ ማኅተም ይሠራል። ያለ ኃላፊም ወራት ሲሠራ አይተናል። ያለ አንዲት «እኔ እንጃ» ግን ሳምንት አይቆምም።

ታውቋታላችሁ። ትምህርት ቤት እያላችሁ ከፈተና ክፍል ዓይኗ ቀልቶ የወጣችው ናት። «ወድቄአለሁ፤ አንዱንም አልመለስኩም» ስትላችሁ አጽናንታችኋት ነበር። ውጤት ሲለጠፍ እሷ አንደኛ፣ አጽናኞቿ ደግሞ አጽናኝ ፈላጊ ሆናችሁ ተገኛችሁ። ያቺ ልጅ አድጋ ሥራ ይዛለች። ዛሬ ጥያቄ ስትጠይቋት መጀመሪያ «እኔ እንጃ» ትላለች፤ ቀጥላ ትክክለኛውን መልስ ትነግራችኋለች፤ በመጨረሻ «እስቲ ሌላ ሰው ደግሞ ይየው» ብላ መልሱን የማንም እንዳይሆን አድርጋ ታስቀምጠዋለች።

ከእሷ ጎን ባለው ወንበር ላይ ሁልጊዜ አንድ «ለእኔ ተዉት» ይቀመጣል። እሱንም ታውቁታላችሁ። ከዚያው ፈተና «ደፈንኩት!» እያለ የወጣው ነው። ውጤት ሲመጣ አስተማሪው ጠምዶት ነበር።

የባሌ ሮቤዋ «እኔ እንጃ» ስሟ ሲምቦ ነው። ክብርት ወይዘሮ ሲምቦ «እኔ እንጃ»፣ አጋርፋ እርሻ ኮሌጅ ተምራ፣ አሥራ አራት ዓመት ስንዴ ውስጥ የኖረች የሰብል ባለሙያ። የምትሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም አንጠራም፤ ከጎባ መንገድ ብዙ አይርቅም ብለን እንለፈው። ጎን ለጎን የተቀመጠው ደግሞ ክቡር አቶ ጉተማ «ለእኔ ተዉት» ነው።

ሥራቸው አንድ ነው። ስንዴው ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ኮምባይነሮቹ ሳይመጡ በፊት፣ በየኩታ ገጠሙ ማሳ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚወጣ መገመት አለባቸው። ኮምባይነርም፣ መኪናም፣ ጆንያም የሚመደበው በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ካበጠ መኪናው ሁሉ አንድ ማሳ ዳር ተደርድሮ ሲያዛጋ ሌላው ጋ የደረሰ ስንዴ ቆሞ ይቀራል። የባሌ ዝናብ ደግሞ ፈቃድ ጠይቆ አይመጣም። የደረሰ ስንዴ ሁለት ቀን ከዘነበበት እዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ የበቀለ ስንዴ ለወፍጮም ለዘርም አይሆንም።

አቶ ጉተማ ሲገምት ከሞተር አይወርድም። ሞተሩንም አያጠፋም። አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አንዴ ያየዋል። «ስልሳ አምስት! ጻፉት» ይላል። ይጻፋል። እንዲህ በእርግጠኝነት የተነገረ ነገር አለመጻፍ ነውር ይመስላል።

ወይዘሮ ሲምቦ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ጤዛው ሳይረግፍ ትገባለች። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ ጎባ ያለ አናጢ የሠራላት የእንጨት ማዕቀፍ አላት። እሱን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ፣ ሳታይ ትወረውረዋለች። ለምን እንደማታይ ስትጠየቅ «ዓይን አድሎኛ ነው፤ ያማረውን ይመርጣል» ትላለች። ከዚያ በወደቀበት ተንበርክካ ማዕቀፉ ውስጥ ያለውን ዛላ ትቆጥራለች፤ ጥቂቱን በመዳፏ ፈትጋ፣ ገለባውን እፍ ብላ፣ ፍሬውን ትቆጥራለች። አምስት ቦታ እንዲህ ካደረገች በኋላ ደብተሯ ላይ ትጽፍና ቀና ብላ ትናገራለች።

«እኔ እንጃ… አርባ ስምንት ይሆን ይሆናል። እስቲ ሌላ ሰው ደግሞ ይየው።»

ኮምባይነሩ ይገባል። አርባ ስምንት ይወጣል። «አጋጣሚ ነው፤ ዝናቡ ጥሩ ነበር» ትላለች። አቶ ጉተማ ስልሳ አምስት ያለው ማሳ አርባ ሦስት ሲወጣስ? «ኮምባይነሩ እየጣለው እኮ ነው!» ይላል፣ በእውነት አዝኖ። የሷ ትክክል ሁልጊዜ የዝናቡ ነው፤ የሱ ስህተት ሁልጊዜ የኮምባይነሩ።

ዓይን አፋር ናት ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ኮምባይነር ላይ የተቀመጠ፣ ጭንቅላቱን በሻሽ የጠመጠመ ጎረምሳ ስንዴ እያፈሰሰ ካየች ማሽኑ ፊት ሄዳ ትቆማለች። «አቁም! መቁረጫውን ዝቅ አድርግ፤ ፍጥነትህን ቀንስ!» ስትል ድምፅዋ ውስጥ አንድም እንጃ የለም። ስለ ስንዴ ጥርጥር የላትም። እንጃው የሚመጣው ከስንዴው ጀርባ «ታዲያ አንቺስ ምን ያህል ታውቂያለሽ?» የሚል ሰው ብቅ ያለ ለታ ነው።

ገበሬዎቹ ይህን ቀድመው ተረድተዋል። ከሁሉም በላይ የተረዱት ኦቦ ሙለታ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የኩታ ገጠሙ ሰብሳቢ። የሲምቦን እንጃ እንደ ሰማይ ያነቡታል።

«እንጃዋ አጭር ከሆነ» ይላሉ ለጎረቤቶቻቸው፣ «ቁጥሩን ይዛችሁ ጆንያ ግዙ። እንጃዋ ከረዘመ ሁለት ኩንታል ቀንሱና ግዙ። ዝም ካለች ግን ማሳችሁን ሮጣችሁ እዩ፤ ዋግ ገብቷል።»

ከእሷ ጋር ሲሆኑ በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፤ «ኢንቤኩ» ስትላቸው፣ አላውቅም ማለቷ ነው፣ በደስታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ዓመት መሥሪያ ቤቱ የጉተማን ስልሳ አምስት ወደ ላይ ሲልክ፣ ኦቦ ሙለታና ሰፈራቸው በሲምቦ አርባ ስምንት ጆንያ ገዝተው ሸክፈው ጨረሱ። ከነሱ ማዶ ያሉት ግን መኪናው ሌላ ቦታ ቆሞባቸው ስንዴያቸው ዝናብ ላይ በቀለ። ሲምቦ ያን ማሳ ዞራ ስታይ አለቀሰች። «በደንብ ብናገር ኖሮ» አለች። በደንብ ተናግራ ነበር። ያልተናገረችው «እርግጠኛ ነኝ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ቁጥር መርጦ ወደ ላይ የሚልከው የቡድን መሪ ደግሞ ጆሮው የሚሰማው እሱን ነበር።

ያ የቡድን መሪ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣ።

ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ሲወጣ አቶ ጉተማ ሙጫው ሳይደርቅ ተመዘገበ። ከተጠየቁት ሰባት መመዘኛዎች አራቱን ያሟላል፤ ሦስቱን «በልምድ ይያዛል» ብሎ አለፋቸው። ወይዘሮ ሲምቦ ማስታወቂያውን በየቀኑ ቆማ ታነብ ነበር። ስድስቱን ታሟላለች። ሰባተኛው የኮምፒውተር ሥልጠና የምስክር ወረቀት ነው፤ እሱም አላት፣ ግን የሁለት ሳምንት ነው።

«የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሥልጠና ይባላል?» አለቻት ሰሚራን። ሰሚራ የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛ ናት፤ የተመዝጋቢ ቅጽ በእጇ ነው።

«ወላሂ ሲምቦ፣ ጉተማ ኮምፒውተር የሚከፍተው በእኔ እጅ ነው» አለች ሰሚራ። «ነገ ይዘጋል። ወይ ፈርሚ፣ ወይ እኔ ፈርሜልሽ ልታሰር።»

ሰሚራ እንዳትታሰር ሲምቦ ፈረመች።

ፈተናው በመጣ ቀን አቶ ጉተማ ግማሽ ሰዓት ሲቀር ወጥቶ በረንዳው ላይ «ደፈንኩት!» አለ። ሲምቦ ወረቀት እስኪቀሟት ተቀምጣ፣ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። «አንዱንም አልመለስኩም» አለች። ሰሚራ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ አብራት ተምራለችና ይህን ለቅሶ ታውቀዋለች።

እዚህ ድረስ ነገሩ እንደተለመደው ነው። ያልተለመደው የመጨረሻው ቅጽ ነበር። ከመቶው ዘጠናው በፈተናና በማኅደር የሚሞላ ሆኖ፣ አሥሩ ነጥብ ራስን ለመገምገም የተተወ ነው። ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ መስመር ነው፦ በሙያዎ ለራስዎ ከመቶ ስንት ይሰጣሉ?

አቶ ጉተማ በቆመበት ዘጠና ሰባት ጻፈ። «ሦስቷን ለትሕትና ተውኳት» አለ።

ወይዘሮ ሲምቦ ያን ወረቀት ይዛ ግማሽ ቀን ተቀመጠች። ሰባ አምስት ጻፈች፤ ሰው ቢያየው ምን ይላል ብላ ላጲስ አነሳች። ሰባ ጻፈች፤ አጠፋች። ወረቀቱ ሊቀደድ ሲል ስልሳ አንድ ላይ ቆመች። ሰሚራ «ለምን ስልሳ አንድ?» ብትላት፣ «ስልሳ የማለፊያው ጠርዝ ላይ ነው፤ ለጥንቃቄ አንድ ጨመርኩ» አለች።

ጉተማ በትከሻዋ አሻግሮ አይቶት ደነገጠ። ጉተማን ክፉ ሰው እንዳታደርጉት፤ ለራሱ የሚያድለውን እምነት ለሌላውም አይሰስትም።

«ስልሳ አንድ? ማን ነው የሞላልሽ? ጠላት አለሽ እንዴ?»

ውጤቱ ተለጠፈ። በፈተናና በማኅደር ሲምቦ ሰባ፣ ጉተማ ስልሳ ሰባት። የራስ ግምገማው ሲደመር ሲምቦ ሰባ ስድስት ነጥብ አንድ፣ ጉተማ ሰባ ስድስት ነጥብ ሰባት። ከሥር «ቅሬታ ያለው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ያቅርብ» ይላል። ሰሌዳው ፊት የቆመው ሰው ሁሉ ሒሳቡን በጣቱ ሠራ። ጉተማ አላሸነፋትም። በገዛ እጇ፣ በላጲስና በእርሳስ፣ ራሷን ጣለች።

«በቃ፣ ይገባዋል» አለች ሲምቦ። «እሱ ይናገራል። ቡድን መሪ መናገር አለበት።» ዝም አይነቅዝም ብላ ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ግን እጇ ደብተር መግለጥ እንቢ አላት። በሚመጣው ቦና፣ በመኸሩ፣ የደረሰ ስንዴ ታያት፤ መኪና የሌለው ማሳ ታያት፤ እሷ አርባ ስምንት ስትል ጉተማ ስልሳ አምስት ብሎ ሲፈርም ታያት። አዘነች፤ በራሷም ተናደደች።

በሁለተኛው ቀን ኦቦ ሙለታ መጡ። ወሬው ገበያው ላይ ደርሷቸዋል። ሰላምታቸውን አድርሰው፣ የልጆቿን ደህንነት ጠይቀው፣ የከብቱን ነግረዋት፣ ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። አልተቆጡም። ስለ አንድ ማሳ እንደሚያወራ ሰው ነበር የጠየቋት።

«ያን ስልሳ አንድ ማን ገመተው?»

«እኔ ነኝ፣ ኦቦ።»

«ስንት ቦታ ወረወርሽ?»

«ምን?»

«ማዕቀፉን። ስንት ቦታ ወርውረሽ፣ ስንት ዛላ ቆጥረሽ ነው ስልሳ አንድ ያልሽው?»

ሲምቦ አንድም ቦታ አልወረወረችም። ኦቦ ሙለታ ከዘራቸውን አንስተው «እኔ ስንዴ እንጂ ሌላ አላውቅም» ብለው ወጡ። አዛውንት እንዲህ ሲሉ ነው መፍራት።

ከሰዓት በኋላ ሲምቦ ደብተሮቿን አወጣች። የአራት ዓመት ናቸው፤ ጭቃ የነካቸው፣ ገጻቸው መሀል ገለባ የቀረባቸው። በአንድ ዓምድ የእሷ ግምት አለ፤ በሌላው ኮምባይነሩ ያወጣው። ጎን ለጎን ጽፋቸው ነበር እንጂ አንድም ቀን አስተያይታ አልደመረቻቸውም። ማን የራሱን ማሳ ይለካል? ስትቆጥር ዋለች። ፊቷ ላይ ጤዛ ውስጥ ተንበርክካ ስትቆጥር የሚታየው ያ ጸጥታ ነበር። ሲመሽ ተነሥታ ሰሚራ ጋ ሄደች።

«የቅሬታ ቅጽ ስጪኝ።»

ሰሚራ ከመደሰቷ የተነሣ ቅጹን ገልብጣ አቀበለቻት። መልሳ ተቀብላ፣ አቃንታ፣ ራሷ ሰሚራ መሙላት ጀመረች። «ቅሬታ አቅራቢ፣ ሲምቦ። ቅሬታ የቀረበበት… ጉተማን ልጻፍ ወይስ ኮሚቴውን?»

«ሲምቦን ጻፊ» አለች ሲምቦ።

በሦስተኛው ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ ሳላሕዲን መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠርጎ ነበር ያነበበው፤ የሰው ክስ ብዙ አይቷል፣ ራሱን የከሰሰ ሰው ግን ገጥሞት አያውቅም።

«እኔ ሲምቦ ለራሴ የሰጠሁት ስልሳ አንድ፣ ያለ ናሙና፣ ከሞተር ሳልወርድ የተገመተ ስለሆነ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ሃያ አምስት ማሳ ገምቻለሁ። ሃያ አራቱ ኮምባይነሩ ካወጣው ከሁለት ኩንታል በላይ አልራቁም። አንዱን በረዶ መታው፤ ሰበብ አላደርገውም፣ ስቻለሁ። ይህ ከመቶ ሲሰላ ዘጠና ስድስት ይመጣል። ማስረጃው አራት ደብተር አባሪ ሆኗል።»

«ከሞተር ሳልወርድ» የሚለው ሲነበብ ሁሉም ሰው ጣሪያውን አየ። ጉተማ ጫማውን አየ።

አቶ ሳላሕዲን ደብተሮቹን ገለጣቸው። አንድ የገለባ ቅንጣት ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ረጅም ጊዜ ካነበበ በኋላ ቀና ብሎ፣ እኛ ሁላችን የፈራነውን ጥያቄ ጠየቃት።

«ታዲያ ከጉተማ እበልጣለሁ እያልሽ ነው?»

ሰሚራ በሩ ሥር ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። ይህ ጥያቄ ሲምቦን ሠላሳ ዓመት ሲጥላት የኖረ ጥያቄ ነው። ሲምቦ ጉተማን አየችው፤ ከዚያ ደብተሮቿን።

«እኔ እንጃ» አለች። «የጉተማን አልቆጠርኩም። የእኔ ግን ዘጠና ስድስት ነው።»

ሌላ ሰው ይየው አላለችም። አጠገቧ የነበሩት ሁሉ ያን የመጨረሻ ቃል ጠበቁ፤ አልመጣም።

አቶ ሳላሕዲን ወደ ጉተማ ዞሮ እሱም ለዘጠና ሰባቱ ማስረጃ እንዲያቀርብ ጠየቀው። ጉተማ ግምቱን የጻፈበት ደብተር የለውም፤ «እዚህ ነው ያለው» ብሎ ግንባሩን ነካ። ከዚያ ትንሽ አሰበ። የመጀመሪያ ጊዜው ሳይሆን አይቀርም።

«የእኔን አትቁጠሩብኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እንኳ በልቤ ዘጠና ሰጥቻት ነበር። ስልሳ አንድ ስትል ጊዜ ነው የገረመኝ።»

ኮሚቴው ማስረጃ ያለውን ግምት ተቀበለ፤ የሌለውን ከእንግዲህ ላለመቀበል ወሰነ። ሲምቦ ሰባ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት አገኘች። ጉተማ ከስብሰባው ሲወጣ በረንዳ ላይ ለጠየቁት ሁሉ «ለጥቂት ነው፤ ኮምባይነሩ ጣለው» አለ። ቀድሞ እጇን የጨበጣትም እሱ ነበር።

በቦናው መኸር የመጀመሪያው ጠዋት ኮምባይነሩ የኦቦ ሙለታ ማሳ ዳር ቆሞ ሞተሩን ያሞቃል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቡድን መሪ ሲምቦ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ማዕቀፏን በትከሻዋ ወርውራ፣ ቆጥራ ጨርሳለች። ጉተማ ከሞተሩ ወርዶ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጤዛ ርሶ፣ ሁለተኛ ማዕቀፍ ይዞ ዛላ ይቆጥራል። መቁጠሩን ሦስት ጊዜ ስቶ እንደገና ጀምሯል።

ኦቦ ሙለታ ማሳው ዳር ቆመው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሰብሰብ አድርገው ጠየቋት። ስለ ስንዴው አልነበረም።

«ሲምቦ ኮ፣ የኔ ሲምቦ፣ ይሄ ቡድን መሪነት እንዴት ነው? ይሆንልሻል?»

ሲምቦ ገለባውን ከመዳፏ አራገፈች።

«እኔ እንጃ» አለች። አጭር ነበር።

ኦቦ ሙለታ ዞረው ጎረቤቶቻቸውን ተጣሩ።

«ሰምታችኋል አይደል? ጆንያ ጨምሩ!»